ማብሪያና ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ነበር። የዶክትሬት ትምህርቴን ከምከታተልበት አገር ለአጭር ዕረፍት ተመልሼ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት እናቴ ማልዳ ያዘጋጀችውን ምሳ አስይዛ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ላከችኝ። የምጠይቀው ታላቅ ወንድሟን ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። የታሰሩበት ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምምና እንለፈው። የሚጠቅመው ነገር ጋሼ ከመታሰራቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስትሮክ አግኝቷቸው ቀኝ እጃቸው ከድቷቸው የነበረ መሆኑ ነው።

በጠያቂዎችና በታራሚዎች መካከል ካለው አጥር ወዲያ ሲመጡ ከጎናቸው አንድ ወጣት ታራሚ ክንዳቸውን ደግፎ ነበር። «ሐኪሜ ይህ ነው» አሉኝ በግራ እጃቸው እያመለከቱ። «ጧት ጧት ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያሠራኛል። ሁለት መቶ ሳይሞላ አይለቀኝም፤ ቆጠራ ስስት ከአንድ ያስጀምረኛል።» ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

እኔም የተማረ ሰው ሆኜ ባዶ እጄን መቅረብ አላማረኝምና፣ በምማርበት ከተማ ስላየሁት አንድ መሣሪያ አጫወትኋቸው። እንደ ጓንት በእጅ ላይ ይጠለቃል፤ አነስተኛ ኮረንቲ ወደ ነርቭ ይልካል፤ አልዘረጋ ያለው ጣት ይዘረጋል። ሕሙማን ይዘውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ በየቀኑ ራሳቸው ይለማመዱበታል። ጋሼ በጽሞና ካዳመጡኝ በኋላ ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ኮረንቲ? እዚህ? ለመሆኑ ልጄ፣ ማብሪያውን የሚይዘው ማን ነው?»

በዕለቱ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ያ ጥያቄ በመስኩ ከሚነሡት ሁሉ ይበልጥ መሠረታዊ እንደሆነ ተረዳሁ። ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጋሼ ለጠየቁኝ ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልስ መስጠት ነው።

አምፖሉ ደህና፣ መስመሩ የተቆረጠ

ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የአንጎል ክፍል ደም አጥቶ ወይም ደም ፈስሶበት የሚደርስ ጉዳት ነው። በአገራችን «ግፊት ጣለው» ይባላል፤ አባባሉም ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ ቁጥጥር ያልተደረገበት የደም ግፊት ከዋነኞቹ መንሥኤዎች አንዱ ነውና። የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ የሰውነት ቀኝ ጎን ይደክማል፤ ቀኙ ሲጎዳ ደግሞ ግራው።

ይህ በሽታ ባለጸጋና ድኃ፣ ንጉሥና ታራሚ አይለይም። ኤሌክትሪክን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ያስገቡት ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው ከባድ ስትሮክ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸው ተይዞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመታት በላይ በአልጋ ላይ ቆይተዋል። በዘመኑ የአገሪቱ ባለ ሙሉ ሥልጣን ለነበሩት ሰው እንኳ የእጃቸውን ሥልጣን የሚመልስ ሕክምና አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስትሮክ በያዘው ሰው ዘንድ ጉዳቱ ያለው በአንጎል ውስጥ እንጂ በክንዱ ውስጥ አይደለም። ከአከርካሪ ተነሥቶ እስከ ጣት ድረስ የሚወርደው ነርቭና የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በአብዛኛው ደኅና ናቸው። ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚመጣው መስመር የተቆረጠበትን አንድ ሰፈር አስቡ። አምፖሎቹ አልተቃጠሉም፤ በየቤቱ ያለው ሽቦም አልተበጠሰም፤ ትእዛዝ የሚያመጣው መስመር ብቻ ነው የጠፋው። በሰፈሩ ውስጥ ጄኔሬተር ቢነሣ አምፖሎቹ ይበራሉ። የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ አንጎል ሊልክ ያልቻለውን ምልክት ከቆዳ ላይ ሆኖ ለነርቩ ይሰጠዋል።

ነገር ግን ጄኔሬተሩ መብራት አበራ ማለት የተቆረጠው መስመር ተጠገነ ማለት አይደለም። አንጎል ከሽቦ የሚለየው በዚህ ነው፤ የተጎዳው ክፍል ይሠራው የነበረውን ሥራ ጎረቤቱ ያለው ክፍል ቀስ በቀስ ሊማረው ይችላል። የሚማረው ግን በድግግሞሽ ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ሄብ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በአንድነትና በተደጋጋሚ የሚሠሩ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ይጠነክራል። እንግዲህ ቁም ነገሩ እጁ መንቀሳቀሱ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ «ተንቀሳቀስ» ብሎ ባዘዘበት ቅጽበት መንቀሳቀሱ ነው። ፈቃዱና እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ አንጎል የሚማረው ነገር ያንሳል።

የኮረንቲው ሒሳብ

የፊዚክስ መምህር ነኝና ተማሪዎቼ ቁጥር ሳልጠቅስ ባልፍ አይምሩኝም። የነርቭ ሕዋስ ሽፋን በውስጥና በውጭ በኩል ወደ 70 ሚሊቮልት የሚጠጋ የቮልቴጅ ልዩነት ይዞ ይኖራል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ይሁን እንጂ የሽፋኑ ውፍረት ከጥቂት ናኖሜትር አይበልጥም፤ 70 ሚሊቮልትን ለ7 ናኖሜትር ብናካፍለው በአንድ ሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስክ እናገኛለን። እያንዳንዳችን በሰውነታችን ውስጥ የምንሸከመው መስክ ይህን ያህል ነው። ከውጭ የሚመጣ ምት ይህን ልዩነት 15 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ካደረገው ነርቩ ይተኩሳል፤ ምልክቱም ወደ ጡንቻው ይጓዛል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ላፒክ እ.ኤ.አ. በ1907 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ባደረገው ምርምር የነርቩን ሽፋን ሙል እንደሚያጠራቅምና እንደሚያፈስስ ካፓሲተር ቆጥሮ አስልቶታል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምቱ አጭር ከሆነ ኮረንቲው መጠንከር አለበት፤ ምቱ ከረዘመ ደካማ ኮረንቲ ይበቃል። ዛሬ በቆዳ ላይ የሚለጠፉ መሣሪያዎች በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ለምሳሌ 25 ሚሊአምፒር ኮረንቲ ለ300 ማይክሮሰከንድ ቢፈስ የሚተላለፈው ሙል 7.5 ማይክሮኩሎምብ ነው። ወዲያውኑ ያንኑ ያህል ሙል በተቃራኒ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ሳይመለስ ከቀረ በኤሌክትሮዱ ሥር ኬሚካላዊ ለውጥ ተፈጥሮ ቆዳን ይጎዳልና።

ስለ ኃይሉስ? በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን የሰውነት ሙግደት 1,000 ኦም አድርገን ብንወስድ፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ምት የሚፈጀው ኃይል 0.4 ሚሊጁል እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 40 ምት ቢላክ ጠቅላላው 15 ሚሊዋት ያህል ነው። የ1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው አሮጌ የእጅ ስልክ 13,000 ጁል ገደማ ይይዛል። አራት አምስተኛው በብክነት ቢጠፋ እንኳ የቀረው በቀን አንድ ሰዓት ለሚለማመድ ሰው ከአንድ ወር በላይ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማም ሆነ ከናካቴው በሌለበት ገጠር ይህ ታላቅ ዜና ነው።

በአንጻሩ በግድግዳው ሶኬት ያለው 220 ቮልት በዚያው 1,000 ኦም ውስጥ 220 ሚሊአምፒር ያሳልፋል፤ ይህም ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ባገኘው ሽቦ በራሱም ሆነ በአያቱ ላይ ሙከራ እንዳያደርግ አደራ እላለሁ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለበት ሰው፣ የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር እንዲሁም ቆዳው ሕመም የማይሰማው ሕመምተኛ በሐኪም ካልተፈቀደለት ሊጠቀምበት አይገባም።

ከተረከዝ እስከ ጓንት

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። የዚህን ቴክኖሎጂ ታሪክ ማብሪያው የት እንደነበረ እየጠየቅን ብንከታተለው አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቭላዲሚር ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ ስትሮክ ይዟቸው እግራቸውን ሲያነሡ ጣታቸው መሬት ለሚጎትተው ሰዎች አንድ መሣሪያ ሠሩ። ከጉልበት በታች ያለውን ነርቭ የሚያነቃቃው ይህ መሣሪያ ማብሪያው የተቀመጠው በጫማው ተረከዝ ሥር ነበር። ሰውየው ለመራመድ ተረከዙን ሲያነሣ ኮረንቲው ይመጣል፤ ሲያሳርፍ ይቋረጣል። የሚለበስ የነርቭ ማነቃቂያ ታሪክ ሲጀምር ማብሪያው በሕመምተኛው እርምጃ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ግን በሰዓት የሚሠሩ ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንድ ይበራሉ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋሉ፤ ሕመምተኛው ቢተኛም ቢያስብም እጁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በክሊቭላንድ ኦሃዮ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሕመምተኛው በደኅናው እጁ ላይ እንቅስቃሴን የሚለካ ጓንት ያጠልቃል፤ ደኅናውን እጅ በከፈተ መጠን መሣሪያው ለደካማው እጅ ኮረንቲ ይሰጣል። ደኅናው እጅ ደካማውን ያዝዘዋል፤ ሁለቱንም የሚያዝዘው ግን ሰውየው ራሱ ነው። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚለው የአባቶች ቃል በኤሌክትሮኒክስ ተተረጎመ ብንል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናታቸው ስትሮክ ከያዛቸው ከስድስት ወር በላይ የሆናቸው 80 ሕሙማን ተካፍለዋል። ግማሾቹ በጓንቱ፣ ግማሾቹ በሰዓት በሚሠራው መሣሪያ ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት 10 ጊዜ በየቤታቸው ራሳቸው ተለማመዱ፤ በተጨማሪም በምርምር ጣቢያው የእጅ ሥራ ልምምድ አደረጉ። መለኪያው ቀላል ነበር፤ በ60 ሰከንድ ውስጥ ስንት ትንንሽ የእንጨት ኩቦችን ከአንዱ የሣጥን ክፍል ወደ ሌላው ማሻገር ይችላሉ? ልምምዱ ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ ባለ ጓንቶቹ በአማካይ 4.6፣ ሌሎቹ 1.8 ኩብ ተጨማሪ አሻግረዋል።

ልዩነቱ ተአምር አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም በሰዓት የሚሠራውን መሣሪያ ሕመምተኛው ጡንቻውን ለማዘዝ ሲሞክር ከሚነሣው ዓይነት ጋር አነጻጽሮ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ የወደድነውን መልስ ሁልጊዜ አይሰጠንም። ይሁን እንጂ ፍንጩ ከሌላ አቅጣጫም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካና በብሪታንያ 108 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፣ ከአንገት የሚወርደውን ቬገስ የተባለ ነርቭ ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር አንድ ላይ ማነቃቃት የእጅን ማገገም እንደሚያሻሽል ታይቷል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣንም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ገደማ መሣሪያውን ፈቅዷል። ይህኛው በቀዶ ጥገና ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ነው። ሕመምተኛው በቤቱ ልምምድ ሲጀምር በደረቱ ላይ ማግኔት በማሳለፍ ራሱ ያነሣዋል። ቀደም ሲል በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምርም ማነቃቂያው ከልምምዱ ጋር ሲገጥም የሰጠውን ጥቅም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ አላስገኘም። ኮረንቲው ያው፣ ነርቩም ያው፣ ጊዜው ብቻ ተለያየ።

ሌላኛው መታጠቂያ

አንባቢ ሆይ፣ ጋሼ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ ስለ ጓንት እያሰቡ እንዳልነበር ታውቃለህ። ኤሌክትሪክና እስር ቤት የሚሉ ሁለት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ የእርሳቸው ትውልድ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። «ወፌ ላላ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሕዝብ፣ በሰው አካል ላይ የሚጫን መሣሪያ ሁሉ ሕክምና ነው ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ጥርጣሬውም የእኛ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አንዳንድ እስረኞች ወደ ፍርድ ቤት ሲወሰዱ የኤሌክትሪክ ቀበቶ ይታጠቁ ነበር። ጠባቂው ከሩቅ ሆኖ ቁልፍ ሲጫን ቀበቶው እስከ 50,000 ቮልት በሚደርስ ምት እስረኛውን ለ8 ሰከንድ ያንዘፈዝፈዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን ቀበቶ ወደ ውጭ መላክንም ሆነ ማስገባትን ከልክሏል።

የሁለቱን መሣሪያዎች ክፍሎች በጠረጴዛ ላይ ብንዘረጋ ተማሪዎቼ መለየት ይቸግራቸዋል። በዚህኛውም በዚያኛውም ባትሪ አለ፤ ቮልቴጅ ማሳደጊያ አለ፤ ኤሌክትሮድ አለ፤ መታጠቂያ አለ። የቮልቱ ብዛት ብቻውን ልዩነቱን አይነግረንም፤ በደረቅ ወቅት ሹራብ ስናወልቅ የሚነዝረን ብልጭታም በሺህ የሚቆጠር ቮልት አለውና። ትልቁ ልዩነት በወረዳው ንድፍ ላይ ያለችው የአንዲት ትንሽ ክፍል ቦታ ናት፦ ማብሪያዋ። በቀበቶው ማብሪያዋ በጠባቂው እጅ ናት፤ በጓንቱ በሕመምተኛው።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ማብሪያው በሕመምተኛው እጅ ይሁን ማለት የሥነ ምግባር ጌጥ አይደለም፤ የሕክምናው አንድ አካል ነው። ፈቃድና እንቅስቃሴ በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ አንጎል ይማራል ካልን፣ ሌላ ሰው የሚያበራው መሣሪያ በጎ ሐሳብ ይዞ እንኳ ቢመጣ ግማሹን ዓላማውን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ሳይንሱና ሰብአዊነቱ ወደ አንድ ነጥብ ሲያመሩ ማየት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው፤ ሲገኝ ልንጠቀምበት ይገባል።

«ቤት» ሲባል የማን ቤት?

የመሣሪያዎቹ ማስታወቂያዎች «በቤትዎ ሆነው ይታከሙ» ይላሉ። በሥዕሉ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን፣ ፈገግ ያለች ልጅ፣ በግድግዳው ላይ ሶኬት ይታያል። በአገራችን ግን ቤት ብዙ ዓይነት ነው። የገበሬ ጎጆ ቤት ነው፤ አምስት ሰው የሚያድርበት የቀበሌ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ማረሚያ ቤትም በስሙ ውስጥ «ቤት» የሚል ቃል አለበት። ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ከዋለ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰው «እስር ቤት» ሲባል አእምሮው ወደ ቃሊቲ ነበር የሚሄደው። በዚያ ለዓመታት ለኖረ ሰው፣ ሌላ ቤት የለውም።

ልብ በሉ፣ በአማርኛችን «ተሃድሶ» የሚለው ቃል ለሕመምተኛም ለታራሚም ይነገራል። ሁለቱም ላይ ያለው አደጋ አንድ ነው፤ ተሃድሶ በሰው ላይ የሚደረግ ነገር ተደርጎ መታሰቡ። መታደስ ግን ሰውየው ራሱ የሚያደርገው ነው፤ ሌላው ሊያግዘው ብቻ ይችላል።

የሕጉም ነገር ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው፣ ሐኪሞቻቸውም እንዲጎበኟቸው ዕድል የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦችም፣ በደንብ ቁጥር 24፣ እስረኛ በውጭ ላለው ሕዝብ ከሚሰጠው ጋር እኩል ደረጃ ያለው የጤና አገልግሎት ማግኘት እንዳለበት ያስቀምጣሉ። ፍርድ ቤት የሚቀጣው ነፃነትን በመንሣት ነው፤ ቀኝ እጅን በመንሣት አይደለም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«በውጭ ያለው ደኻ ያላገኘውን ለእስረኛ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የቃሊቲን ሁኔታ የሚቋቋም መሣሪያ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት እናስብ፤ ከሶኬት ነፃ የሆነ፣ በቀላሉ የማይሰበር፣ ፊዚዮቴራፒስት በየቀኑ ባይመጣም የሚያሠራ፣ ርካሽ፣ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የማይችል። ይህ ሁሉ ለሰሜን ሸዋ ገበሬ፣ ለመርካቶ ተሸካሚና ለጋምቤላ እናት የሚያስፈልገው አይደለምን? በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ተቋማት ፊዚዮቴራፒስቶች ይሠለጥናሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። በእስር ቤት የሚሠራ መሣሪያ በየትም ይሠራል፤ በሳሎን ብቻ የሚሠራ ግን በሳሎን ይቀራል።

«ሽቦና ባትሪ ለጸጥታ ያሰጋል» የሚልም ይኖራል። መሣሪያው በማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ቢቀመጥ፣ ታራሚው በቀን ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት እዚያው ቢለማመድ ይህ ሥጋት ይቃለላል። መሣሪያውን መቆለፍ ይቻላል፤ በልምምዱ ሰዓት ማብሪያውን መንጠቅ ግን አይቻልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ «መሣሪያው ራሱ ያን ያህል ይጠቅማልን?» የሚለው ነው። በሐቀኝነት ልመልስ። ቀድሞ የሚያስፈልገው የደም ግፊትን መለካትና ማከም ነው፤ ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ የመጀመሪያው ልፋት ከንቱ ይሆናልና። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን አሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ፊዚዮቴራፒስቶች ባሉበት በአንድ የልምምድ ጊዜ ሕመምተኞች በእጃቸው የሚያደርጉት ዓላማ ያለው እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ብቻ ነበር። ያ የቃሊቲ ወጣት ጋሼን በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ ያሠራቸው ነበር! መሣሪያ የሌለው፣ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ጊዜንና ትዕግሥትን ይዞ ከሠለጠነው ዓለም ክሊኒክ በቁጥር ስድስት እጥፍ በልጦ ተገኘ። መሣሪያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ድግግሞሹን ሊያግዝ እንጂ ሊተካው አይደለም።

የእኛ የቤት ሥራ

ተማሪዎች ሆይ፣ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ ተመልከቱት። ካፓሲተር፣ ሙግደት፣ ኮረንቲ፣ ሙል፤ ሁሉም በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፋችሁ ውስጥ ያሉ ናቸው። ከዚህ ሒሳብ የሚነሣ መሣሪያ ለመንደፍ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአገራችን አለ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የባዮሜዲካል ምሕንድስና፣ የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪካል ምሕንድስናና የሕክምና ትምህርት ክፍሎች ብዙ ጊዜ በአንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም። ለመመረቂያ ጥናት በየዓመቱ ተመሳሳይ ርእስ ከምንገለባብጥ፣ በፊዚዮቴራፒስቶች መሪነትና በጤና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ቁጥጥር ሥር ይህን ብንሞክር ምን ይከፋል?

ንድፉን ለምትጀምሩት አራት ነገሮችን ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ መሣሪያው ከሶኬት ጋር በተገናኘ ጊዜ ፈጽሞ እንዳይነሣ አድርጋችሁ ሥሩት። ሁለተኛ፣ የኮረንቲው ጣሪያ በሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን በወረዳው ራሱ ይገደብ። ሦስተኛ፣ ውድ የሚሆነው ሣጥኑ ሳይሆን በየጊዜው የሚለወጠው ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ነውና ታጥቦ የሚያገለግል ነገር ፈልጉ። አራተኛውና ዋናው፣ ማብሪያውን በሕመምተኛው እንቅስቃሴ ውስጥ አስቀምጡት፤ በደኅናው እጁ፣ በተረከዙ፣ በፈለገው ቦታ፤ ማጥፊያው ደግሞ ሁልጊዜ ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ይሁን። ከሩቅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ይኑረው የሚላችሁ ደንበኛ ቢመጣ፣ ገንዘቡ ስንትም ቢሆን «አይሆንም» ለማለት ካሁኑ ተዘጋጁ። መሐንዲስ በወረዳው ንድፍ ላይ የሚያሰፍራት እያንዳንዷ መስመር ሥልጣንን ለአንዱ የምትሰጥ፣ ከሌላው የምትነሣ ናትና።

ጋሼ ቅጣታቸውን ጨርሰው ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ያንን ጓንት አንድም ቀን አልሞከሩትም። ባለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ቡና ሲጠጡ አየኋቸው። ሲኒውን በቀኝ እጃቸው ያዙ፤ ግራውን ከሥር ደገፍ አደረጉ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ ቡናው አልፈሰሰም። በከንፈራቸው የሚቆጥሩ መሰለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያዘገየሁትን መልስ በዚያች ቅጽበት ሰጠኋቸው፦ «ጋሼ፣ ማብሪያው በእርስዎ እጅ ነው መሆን ያለበት።»

«ያንንማ ያ ልጅ ያኔውኑ ያውቅ ነበር» አሉኝ። «ጣቴን ከመዘርጋቱ በፊት ሁልጊዜ ‹እርስዎ ይዘዙኝ› ይለኝ ነበር።»